ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን የታሪፍ ሥልጣን ይገድበው ይሆን? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ክርክር የሰማችሁ ኑ

የሱቋ ባለቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ | ኖቬምበር 6፣ 2025

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በጣሉት ታሪፍ ላይ የቀረበውን ክርክር ሰማ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ሱቅ ውስጥ ሽሮ እየመዘንኩ በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያገባኝ ልንገራችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮሰረትና የሐበሻ ቀሚስ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ትልቅ ነጋዴ አይደለሁም። ኮንቴይነር የምንሞላው ከሌሎች ሱቆች ጋር ተዳብለን ነው። ከኤፕሪል ወዲህ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ዕቃ ላይ ተጨማሪ 10 በመቶ ተጥሏል። ትራንዚተሬ የሚልክልኝ የጉምሩክ ቅጽ ላይ ከመደበኛው ቀረጥ ጋር 9903.01.25 የሚል አዲስ መስመር መጥቷል። የኔ ታሪፍ ያ መስመር ነው።

ሌሶቶን መጀመሪያ 50 በመቶ ብለዋት ስለነበር "እናንተማ ዕድለኞች ናችሁ" የሚሉኝ አሉ። ግን የበርበሬ ትርፍ ስንት ሆኖ ነው? ዋጋ ስጨምር ደንበኛ ያኮርፋል። ካልጨመርኩ ከኪሴ ነው።

በዚያ ላይ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ኦገስት 29 ላይ ቀረ። ድሮ ለሠርግ የታዘዘች አንዲት ቀሚስ በፖስታ ማስላክ ምንም አልነበረም። አሁን እሷም ጣጣ አላት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዳኞቹ ፕሬዚዳንቱን "ይህን ማድረግ አይችሉም" የሚሉ ይመስላችኋል? ካሉስ የከፈልነው ይመለሳል? ስድብ አልፈልግም። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሕግ አዋቂው | ኖቬምበር 6፣ 2025

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ከሥሩ ልጀምር።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 8 ግብርና ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው። ፕሬዚዳንት በራሱ ቀረጥ መጣል አይችልም። እችላለሁ ካለ ኮንግረስ የትኛው ሕግ ላይ ሥልጣኑን እንደሰጠው ማሳየት አለበት። ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ትራምፕ የጠቀሱት በ1977 የወጣውን የዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ነው። ጠበቆች በአጭሩ አይኢፓ ይሉታል። ከውጭ የመጣ ያልተለመደና ከባድ አደጋ ሲኖር ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ የውጭ ንብረት ማገድ፣ ግብይት መከልከል፣ ወደ አገር የሚገባ ዕቃን መቆጣጠር ይችላል ይላል። ታሪፍ ወይም ቀረጥ የሚል ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ብታነቢው አታገኚም። ካርተር በ1979 የኢራንን ገንዘብ ያገዱት በዚህ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ፕሬዚዳንት ማዕቀብ ጣለበት። ታሪፍ የጣለበት ግን ከትራምፕ በፊት አንድም የለም።

እስካሁን ሦስት ፍርድ ቤቶች አይተውት ሦስቱም በፕሬዚዳንቱ ላይ ፈርደዋል። ኒው ዮርክ ያለው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ሜይ 28 በሦስት ዳኞች ሙሉ ድምፅ ወሰነ። አንዷን ዳኛ የሾሟት ሬገን፣ አንዱን ኦባማ፣ አንዱን ራሳቸው ትራምፕ ናቸው። በማግስቱ ዋሽንግተን ያለ የፌዴራል ዳኛ ሕጉ ጭራሽ ታሪፍ አይፈቅድም አለ። የልጆች መማሪያ ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ ያመጣው ክስ ነው። ኦገስት 29 ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 7 ለ 4 ወሰነ። ከከሳሾቹ መካከል ወይን የሚያስመጣ የኒው ዮርክ ድርጅት አለ። በኦሪገን መሪነት የመጡ 12 ግዛቶችም አሉበት። እንዳንቺ ያሉ ትንንሽ አስመጪዎች ናቸው እዚህ ያደረሱት።

ትናንት ደግሞ ዋና ዳኛ ሮበርትስ ታሪፍ በአሜሪካውያን ላይ የሚጣል ግብር መሆኑን፣ ግብር ደግሞ ምንጊዜም የኮንግረስ ዋና ሥልጣን እንደነበረ አንስተዋል። ዳኛ ባሬት የመንግሥትን ጠበቃ ሳወርን አፋጠጡት። "መቆጣጠር" የሚለው አገላለጽ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ሆኖ የተሠራበት ሌላ ሕግ አሳየኝ አሉት። መልሱ አልጠራም። ቀጥለው ስፔንና ፈረንሳይ ምን አደጋ ሆነው ነው ታሪፍ የተጣለባቸው ብለው ጠየቁ። እነዚህ ሁለቱ በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ናቸው። እኔ መንግሥት ይሸነፋል ባይ ነኝ።

የኦሃዮው | ኖቬምበር 6፣ 2025

ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን አታጋድሉ። እኔ ኦሃዮ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፋብሪካ ሲዘጋ ከተማ እንዴት እንደሚሞት በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ፀጉር ቤቱ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ልጅ ያጣል። ለዚህ ሁሉ ዓመት ኮንግረስ ምን አደረገ? አንድ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ሲያደርግ ክስ።

በሕግም ቢሆን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ኒክሰን በ1971 በአስቸኳይ ጊዜ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጥለው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1975 አጸናላቸው። የተጠቀሙበት ሕግ ላይም ያለው አገላለጽ አሁን ካለው ጋር አንድ ነው። ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ከቻይና የሚመጣን ዕቃ በሙሉ መከልከል ይችላል ትላላችሁ። መከልከል ከቻለ 10 በመቶ ማስከፈል እንዴት ያቅተዋል? ትልቁን የፈቀደ ሕግ ትንሹን ይከለክላል? ዳኛ ካቫኖም ይህንኑ ነው የጠየቁት።

ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ጋር በ15 በመቶ የተደረሰው ስምምነትስ? በታሪፍ ማስፈራሪያ የመጣ ነው። ፍርድ ቤቱ ያን ካፈረሰ ነገ ማን ይሰማናል?

ሕግ አዋቂው | ኖቬምበር 7፣ 2025

ጋሼ፣ ክርክርዎ ቀላል አይደለም። የመንግሥት ጠበቃም በሙሉ ኃይሉ የያዘው ይህንኑ ነው። ግን ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የእርስዎን ፋብሪካ የሚመለከተው የብረትና የመኪና ታሪፍ እዚህ ክስ ውስጥ የለም። ብረት ላይ ያለው 50 በመቶና መኪና ላይ ያለው 25 በመቶ የቆሙት በሌላ ሕግ ነው። የ1962ቱ የንግድ ማስፋፊያ ሕግ ክፍል 232 ይባላል። በዚያ መንገድ መጀመሪያ የንግድ ሚኒስቴር መርምሮ ዕቃው የአገር ደኅንነትን ይጎዳል ብሎ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ፍርድ ቤቱ የፈለገውን ቢወስን ያ አይነካም።

ሁለተኛ፣ የኒክሰን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይነገር። የሳቸው ቀረጥ አራት ወር ገደማ ቆይቶ ተነሳ። ከዚያ ኮንግረስ ምን አደረገ? በ1974ቱ የንግድ ሕግ ክፍል 122 የሚባል አንቀጽ ጻፈ። ከውጭ ጋር የሚደረገው ክፍያ ከባድ ጉድለት ሲያጋጥመው ፕሬዚዳንቱ እስከ 15 በመቶ ለ150 ቀን ታሪፍ መጣል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከፈለገ ወደ ኮንግረስ ይምጣ ይላል። አሁን ይፍረዱ። ኮንግረስ በ1974 በመቶኛም በቀንም ከገደበ በኋላ በ1977 ጣሪያም ቀንም የሌለው ታሪፍ በአንድ "መቆጣጠር" ውስጥ ደብቆ ይሰጣል?

ሦስተኛ፣ ክልከላና ግብር የተለያዩ ናቸው። ክልከላ ለመንግሥት ገንዘብ አያስገባም። ታሪፍ ያስገባል። የሕዝብን ኪስ የሚነካውን ነገር ለተመረጠው ምክር ቤት የሰጡት ለዚህ ነው። ሳወር ከትናንት ወዲያ ገቢው እግረ መንገድ የሚመጣ ነው ሲል ዋለ። ፕሬዚዳንቱ ግን በየመድረኩ የሚኮሩት በቢሊዮን በሚገባው ገንዘብ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ቶሮንቶ | ኖቬምበር 7፣ 2025

ከካናዳ ሆኜ ልጨምር። አስቸኳይ ጊዜ የተባለው ምን እንደሆነ እዩት። እኛ ላይ ሲጣል ምክንያቱ ፈንታኒል ነው ተባለ። ባለፈው ወር የኦንታሪዮ መንግሥት ታሪፍን የሚነቅፍ የሬገን ድምፅ ያለበት ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገረ። ፕሬዚዳንቱ ተናደው ሌላ 10 በመቶ እጨምራለሁ አሉ። ማስታወቂያ የአስቸኳይ ጊዜ ሆነ ማለት ነው? ብራዚል ላይ 50 በመቶ ሲጥሉ የጻፉት ደብዳቤ የቀድሞውን የብራዚል ፕሬዚዳንት የቦልሶናሮን የፍርድ ሂደት ያነሳል። ከብራዚል ጋር ባለው ንግድ ደግሞ ትርፍ ያላት አሜሪካ ናት። እኔን የሚያስፈራኝ መቶኛው አይደለም። ሰኞ ያለው ማክሰኞ መለወጡ ነው። በዚህ ሁኔታ ማን ፋብሪካ ይከፍታል? የኦሃዮው ወንድማችን የሚፈልገው ፋብሪካ እንኳ አሥር ዓመት የሚጸና ዋጋ ይፈልጋል።

ቡና ቆይው፣ ሲያትል | ኖቬምበር 8፣ 2025

የይርጋጨፌና የጉጂ ጥሬ ቡና አስመጥቼ ቆልቼ ነው የምሸጠው። ኤፕሪል ድረስ ጥሬ ቡና ዜሮ ቀረጥ ነበር። ከዚያ የኢትዮጵያው 10 በመቶ ሆነ። የብራዚሉ ኦገስት ላይ 50 ገባ። ብራዚል ስትነካ የዓለም ዋጋ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ እኔ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ፤ አንዴ በዋጋው፣ አንዴ በመቶኛው።

አሜሪካ ውስጥ ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ በቀር ቡና የሚበቅልበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። የቡና ታሪፍ የትኛውን አሜሪካዊ ገበሬ ያድናል? ጋሼ፣ የፋብሪካው ነገር ይገባኛል። ቡናው ላይ ግን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕቃው ከጅቡቲ ተጭኖ ሲያትል እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ስዋዋል ያለው ታሪፍና ዕቃው ሲገባ ያለው ታሪፍ አንድ ይሁን አይሁን አላውቅም። ባንክ ብድር ስጠይቅ "ታሪፉ ስንት ይሆናል?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

የሸገር ልጅ | ኖቬምበር 8፣ 2025

ከአዲስ አበባ ነኝ። ይህ ሕግ ለኛ እንግዳ አይደለም። ባይደን ሴፕቴምበር 17፣ 2021 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ያወጡት የማዕቀብ ትዕዛዝ የቆመው በዚሁ አይኢፓ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉን ካጠበበው ማዕቀብም አብሮ ይወድቃል ወይ?

የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን አጎአን ደግሞ አትርሱ። ጃንዋሪ 1፣ 2022 ከዝርዝሩ ስንሰረዝ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ ያጡት ልጆች የት እንደደረሱ ማንም አልጠየቀም። ያኔ የትኛው ፍርድ ቤት ደረሰልን?

ሕግ አዋቂው | ኖቬምበር 8፣ 2025

ወንድሜ፣ ማዕቀቡ አይወድቅም። ንብረት ማገድና ግብይት መከልከል ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ከሳሾቹም ያን አልነኩም።

አጎአ ደግሞ ሌላ ነው። ያ በ2000 የወጣ የኮንግረስ ሕግ ነው። መስፈርቱን ራሱ ኮንግረስ ጻፈ። አገር መስፈርቱን ካላሟላች ፕሬዚዳንቱ ከዝርዝሩ እንዲያወጣት በግልጽ አዘዘ። ውሳኔው ሀዋሳ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ እኔም አልረሳውም። ሥልጣኑ ግን ከየት እንደመጣ ማሳየት ይቻላል። በአሁኑ ክስ የጠፋው ይኸው ነው። አጎአ ራሱ ሴፕቴምበር 30 ጊዜው አለፈ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን አልታደሰም። ማደስ የሚችለውም ኮንግረስ ብቻ ነው።

ሚኒሶታ | ኖቬምበር 9፣ 2025

የማይገባኝ ነገር አለ። ሥልጣኑ የኮንግረስ ከሆነ ራሱ ኮንግረስ ለምን አያስቆማቸውም? ለምን ዘጠኝ ዳኛ ይጠበቃል?

ሕግ አዋቂው | ኖቬምበር 9፣ 2025

የክርክሩ ልብ ይህ ነው። ብዙ ሰው አያነሳውምና ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አይኢፓ ሲወጣ ኮንግረስ መያዣ ነበረው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ተስማምተው በድምፅ ብቻ፣ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ፣ አስቸኳይ ጊዜውን ማንሳት ይችሉ ነበር። ሥልጣኑን የሰጡት ይህን ተማምነው ነው። በ1983 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቻድሃ በተባለው መዝገብ እንዲህ ያለው አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያልቀረበ የኮንግረስ ውሳኔ ሕግ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ ዛሬ አስቸኳይ ጊዜ ለማንሳት ኮንግረስ ሕግ ማውጣት አለበት። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ውድቅ ያደርገዋል። ያን ለመሻር ከሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚህ ዘመን ያን ድምፅ ከየት ያመጡታል?

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሴኔቱ የብራዚልን፣ የካናዳንና የአጠቃላዩን ታሪፍ የሚቃወሙ ውሳኔዎች አሳልፏል። ጥቂት ሪፐብሊካኖችም ደግፈዋል። የተወካዮች ምክር ቤት ጋ ሲደርስ ቆመ።

ዳኛ ጎርሰች በክርክሩ ያነሱት ይህንን ነው። ሥልጣን አንዴ ከኮንግረስ እጅ ከወጣ አይመለስም፤ ወደ ፕሬዚዳንቱ ብቻ እየሄደ ይከማቻል አሉ። ከዚያ ሳወርን ጠየቁት። ነገ ሌላ ፕሬዚዳንት መጥቶ የአየር ንብረት ለውጥ አስቸኳይ ጊዜ ነው ብሎ በነዳጅ መኪና ላይ 50 በመቶ ቢጥልስ? ሳወር ይቻላል ሳይል አልቀረም። ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ነው የምጽፈው። ዛሬ የወደዱት ሰው የያዘውን ነገ የማይወዱት ሰው ይይዘዋል።

የኦሃዮው | ኖቬምበር 9፣ 2025

የነዳጅ መኪናው ነገር አሳስቦኛል፤ አልዋሽህም። ግን አሁንም እላለሁ። ሰው የሚመርጠው ፕሬዚዳንት ነው። ዳኛን ማንም አልመረጠም። አሜሪካ በንግድ ስትበለጥ ኖራ አሁን ስትነሳ የሚያስቆማት ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ከሆነ ሕዝቡ ይቆጣል።

ትራንዚተሩ፣ ዳላስ | ኖቬምበር 10፣ 2025

የጉምሩክ ዕቃ ማስለቀቅ ሥራዬ ነው። የሱቋ ባለቤት፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ተመላሽ ቢኖር የሚከፈለው ጉምሩክ ፊት አስመጪ ተብሎ ለተመዘገበው ነው። 7501 የሚባለው ቅጽ ላይ የማን ስም አለ? አብራችሁ ኮንቴይነር ስትሞሉ በአንድ ሰው ስም ካስገባችሁ መንግሥት የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ድርሻሽን የምትጠይቂው ከሱ ነው። በመካከላችሁ ጽሑፍ ከሌለ ዛሬውኑ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። ዕቃሽ ሲገባ የምትከፍይው ቀረጥ መጀመሪያ ግምት ነው። ጉምሩክ መዝገቡን ዘግቶ ሒሳቡን የሚያጸናው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 314 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ከተዘጋ በኋላ መቃወሚያ ለማቅረብ ያለሽ 180 ቀን ነው። የኤፕሪል ዕቃሽ ፌብሩዋሪ ላይ መዘጋት ይጀምራል ማለት ነው። ያን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጊበት።

ሦስተኛ፣ 9903 የሚል መስመር ያለባቸውን ቅጾች ለይተሽ አስቀምጪ። የተከፈለበትን የባንክ ማስረጃ አያይዢ። ዳኛ ባሬት ተመላሹ ትልቅ ምስቅልቅል ይሆናል ሲሉ ሰምተሻል። እውነታቸውን ነው። በአይኢፓ እስከ ሴፕቴምበር የተሰበሰበው ወደ 90 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ያን ያህል ገንዘብ ለስንት ሺህ አስመጪ መመለስ ቀልድ አይደለም። ማስረጃው የተሟላለት ይቀድማል።

የሱቋ ባለቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ | ኖቬምበር 10፣ 2025

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የኛ ዕቃ በአንደኛዋ ሱቅ ስም ነው የሚገባው። ዛሬ ማታ ደውዬላት ተነጋግረናል፤ የየድርሻችንን ጽፈን ልንፈራረም ነው። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም።

ደንበኞቼስ? ዋጋ የጨመርኩባቸው እናቶች አሉ። ተመላሹ ከመጣ ለኔ ነው የሚመጣው። ለነሱ ማን ይመልስላቸዋል? ይሄ እያሰብኩት ያስጨንቀኛል።

ቡና ቆይው፣ ሲያትል | ኖቬምበር 15፣ 2025

ዜናውን ሰማችሁ? ትናንት ፕሬዚዳንቱ ቡናን፣ ሻይን፣ ሙዝንና የበሬ ሥጋን ከታሪፉ አወጡ። ደስ ብሎኛል፤ አልክድም። ሠራተኞቼም ደስ ብሏቸዋል። ግን አስቡት። በአንድ ፊርማ መጣ፤ በአንድ ፊርማ ሄደ። ምክር ቤት አልተጠየቀም፤ ገበሬም ነጋዴም አልተጠየቀም። ነገ በአንድ ፊርማ ቢመለስ ምን እላለሁ? አሁንም ፍርዱን እጠብቃለሁ።

ትራንዚተሩ፣ ዳላስ | ዲሴምበር 2፣ 2025

ለመረጃ ያህል፦ ኮስትኮ ሳይቀር ተመላሹ እንዲጠበቅለት የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ክስ አስገብቷል። ፍርዱ ሳይመጣ መዝገባቸው እንዳይዘጋባቸው ነው። ትልልቆቹ ጠበቃ አላቸው። ትንንሾቹ ቢያንስ ወረቀታችሁን አሰናዱ።

ሕግ አዋቂው | ፌብሩዋሪ 20፣ 2026

ተፈረደ። 6 ለ 3። አይኢፓ ፕሬዚዳንቱ ታሪፍ እንዲጥል አይፈቅድም። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ሮበርትስ ናቸው። ሶቶማየር፣ ኬገን፣ ጃክሰን፣ ጎርሰችና ባሬት አብረዋቸው ናቸው። ቶማስ፣ አሊቶና ካቫኖ ተቃወሙ።

ጋሼ የኦሃዮው፣ ልብ ይበሉ። ከስድስቱ ሁለቱ፣ ጎርሰችና ባሬት፣ ራሳቸው ትራምፕ የሾሟቸው ናቸው።

ስድስቱ ውጤቱ ላይ ቢስማሙም በምክንያቱ ሁሉ አልተስማሙም። ሮበርትስ፣ ጎርሰችና ባሬት ትልቅ የኢኮኖሚ ጉዳይ ሲሆን የኮንግረስ ፈቃድ ግልጽ መሆን አለበት የሚለውን መርህ ጨመሩ። የባይደንን የተማሪ ዕዳ ስረዛ በ2023 ያስቆመው ይኸው መርህ ነው። ሦስቱ ደግሞ ሕጉን እንዲሁ ማንበብ ይበቃል አሉ። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በባይደን ላይ የተሠራበት ሚዛን በትራምፕ ላይም ሠራ።

የሱቋ ባለቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ | ፌብሩዋሪ 20፣ 2026

ተመስገን! ሱቅ ውስጥ ጮኼ ደንበኛ አስደነገጥኩ። እና ገንዘቡ? ስለ ተመላሹ ምን አሉ?

ሕግ አዋቂው | ፌብሩዋሪ 20፣ 2026

ምንም አላሉም። ተመላሹ እንዴት ይፈጸም የሚለው በፍርዱ ውስጥ የለም። ካቫኖ በተቃውሟቸው ይህንኑ ነቅሰዋል። ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሌላም አለ። ፕሬዚዳንቱ ቀኑ ሳይመሽ በዚያ በነገርኳችሁ ክፍል 122 አዲስ 10 በመቶ በመላው ዓለም ላይ ፈርመዋል። ከፌብሩዋሪ 24 ይጀምራል። የ800 ዶላሩ ነገርም እንደተዘጋ እንዲቀጥል አዝዘዋል። እሱን ደግሞ ኮንግረስ ራሱ ባለፈው ጁላይ ባወጣው ሕግ ከ2027 አጋማሽ ጀምሮ በቋሚነት ዘግቶታል። ያ በድምፅ የተወሰነ ነው፤ ብንቃወምም ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን።

ቶሮንቶ | ፌብሩዋሪ 21፣ 2026

ታዲያ ምን ተገደበ? 10 በመቶ ሄደ፤ 10 በመቶ መጣ።

ሕግ አዋቂው | ፌብሩዋሪ 21፣ 2026

ብዙ ተገድቧል፤ እንዲያውም በጣም ብዙ። ክፍል 122 ከ15 በመቶ አያልፍም። ከ150 ቀን አያልፍም። አገር እየመረጡ ለአንዱ 50 ለሌላው 39 ማለት በዚህ አይቻልም። ለማስታወቂያ ንዴት የሚሆን መሣሪያ አይደለም። ጁላይ ላይ ቀኑ ሲያልቅ ኮንግረስ ቁጭ ብሎ በድምፅ "ይቀጥል" ካላለ ታሪፉ ያበቃል። ድምፅ የሰጠው ሰው ስሙ ይመዘገባል። በኖቬምበር ምርጫ አለ። እኔ ከመጀመሪያውም የምፈልገው ይህንን ነበር። ታሪፍ ይኑር አይኑር የሚለውን አይደለም፤ የሚያስከፍለን ሰው ፊታችን ቆሞ ድምፅ ይስጥ ነው።

ክፍል 232ና በቻይና ላይ የተሠራበት የንግድ ሕጉ ክፍል 301 እንዳሉ ናቸው። ግን ምርመራ ይፈልጋሉ፤ ምክንያት ይፈልጋሉ።

የኦሃዮው | ፌብሩዋሪ 21፣ 2026

ፍርዱ አልተዋጠልኝም። ካቫኖ የጻፉትን አንብቤ ትክክል ነው ብያለሁ። ግን ፍርድ ፍርድ ነው፤ ይከበር። የኔን ወረዳ የሚወክለውን ሰውዬ ቢሮ ደውዬ ጁላይ ላይ ምን እንደሚል እጠይቃለሁ። እኔ ይቀጥል እንዲል ነው የምፈልገው። እናንተም የየራሳችሁን ጠይቁ።

ትራንዚተሩ፣ ዳላስ | ፌብሩዋሪ 23፣ 2026

የሱቋ ባለቤት፣ ሦስት ነገር አሁኑኑ አድርጊ። ጉምሩክ ተመላሽ በቼክ መላክ ትቷል፤ በባንክ ሒሳብ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ በስሟ የምታስገቡላት ሱቅ የጉምሩክ ኤሌክትሮኒክ አካውንቷ ላይ የባንክ ቁጥሯ መሞላቱን አረጋግጡ። የኤፕሪልና የሜይ ዕቃችሁ መዝገብ ተዘግቶ ከሆነ 180 ቀኑ መቁጠር ጀምሯል። አሁን መንገድ ላይ ያለ ዕቃ ካላችሁ ደግሞ የሚገባበትን ቀን ላኪልኝ። ከ24 በፊትና በኋላ የሚሞላው መስመር ይለያያል።

የሱቋ ባለቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ | ፌብሩዋሪ 23፣ 2026

በርበሬው ባሕር ላይ ነው፤ ማርች መጀመሪያ ይደርሳል ብለውኛል። ቅጹን ነገ ጠዋት እልክልሃለሁ። ደንበኞቼን በተመለከተ ወስኛለሁ። ተመላሹ ሲገባ የበርበሬና የሽሮ ዋጋ ወደ ቀድሞው ይወርዳል። ሱቁ በር ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።